ስማቸው ከመሰረዙ በፊት ይቆጠሩ

ጥር 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ሰሜን ሸዋ

ጉዳዩ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ስለማገድ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ክቡራንና ክቡራት የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የ12ኛ «ለ» ክፍል ስም ጠሪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በትምህርት ቤቱ በኩል ያቀረብነው ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስላላገኘና የምዝገባው ቀን እየቀረበ ስለሆነ ነው። የትምህርት ቤቱንም የወረዳውንም ስም አልጠቀስኩም። የማንንም ስም ማንሣት ዓላማዬ አይደለም፤ የተጻፈላችሁ ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ታኅሣሥ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የደረሰን ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በተሰጠው የሞዴል ፈተና ከ50 በታች አማካይ ያመጣ፣ ወይም ያለ ፈቃድ ከ15 ቀን በላይ የቀረ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለብሔራዊ ፈተናው እንዳይመዘገብ፣ ራሱን አብቅቶ በሚቀጥለው ዓመት እንዲመጣ ያዛል። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ የትምህርት ቤቱን የማሳለፍ ምጣኔ ለማሻሻል። ርእሰ መምህሩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲያነብልን ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም። እኔ ሮስተሩን ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩና ውሳኔው በሚነካቸው ስሞች ጎን በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከ58 ተማሪዎቼ 41ዱ ላይ ምልክት አረፈ።

ሒሳብ መምህር ነኝና ከሒሳቡ ልነሣ። ከ100 ተፈታኞች 4 ቢያልፉ 4 ከመቶ ነው። 60ዎቹን ከበር መልሰን እነዚያው 4 ቢያልፉ 10 ከመቶ ይሆናል። አንድም ልጅ ተጨማሪ ጥያቄ አልመለሰም፤ አንድም መምህር የተሻለ አላስተማረም። ላዕሉ ባለበት ቆሞ ታህቱ ሲቀንስ ክፍልፋዩ እንደሚያድግ የምናስተምረው ገና በአንደኛ ደረጃ ነው። የአንድ ወረዳ የትምህርት ጥራት ዕቅድ በዚህ ላይ መቆሙ አሳዝኖኛል።

የአገሩን ቁጥር እንይ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ 8.4 ከመቶ። ያለፉት ቁጥር በእርግጥ ጨምሯል፤ ይህን መካድ ለደከሙት ልጆችና መምህራን ግፍ ነው። ግን ተፈታኙም ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። የ2017ቱን አላፊዎች ለ2014ቱ ተፈታኝ ብናካፍላቸው የሚመጣው 8.4 ሳይሆን 5.5 ከመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ መቶኛ ባደገ ቁጥር ስንት አለፉ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ስንቶቹ ከፈተናው አዳራሽ ሳይደርሱ ቀሩ ተብሎም መጠየቅ አለበት። የእናንተ ደብዳቤ ግን የሚቀሩትን ማብዛት ራሱን እንደ ሥራ ይዞታል።

ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው። ሁለተኛው ይከብደኛል።

በየዓመቱ የምንሞላው ቅጽ ተማሪውን የሚያውቀው በጾታ፣ በዕድሜ፣ በክፍል ደረጃና በአካል ጉዳት ነው። ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ ስንቁን ማን እንደሚያቀብለው የሚጠይቅ ዐምድ የለውም። ስለዚህ ኅዳር ላይ እኔ ራሴ በስም መጥሪያ ሰዓት አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ከ58ቱ 31ዱ ሴቶች፣ 27ቱ ወንዶች ናቸው። 14ቱ የከተማው ልጆች ናቸው። 40ዎቹ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው፤ ከእነሱ 34ቱ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ 6ቱ በየቀኑ እየተመላለሱ ይማራሉ። የቀሩት 4 ከወለጋ ተፈናቅለው ከዘመድ ተጠግተው የሚኖሩ ናቸው።

አሁን በእርሳስ ያረፉትን ምልክቶች በዚህ ላይ አስቀምጧቸው። ከከተማው 14 ልጆች የታገዱት 4 ናቸው። ከገጠሩ 40 ልጆች የታገዱት 33 ናቸው። ከተፈናቃዮቹ 4 ልጆች የታገዱት 4ቱም ናቸው። ውሳኔውን ያወጣው ባለሙያ የገጠርን ልጅ ለመለየት አስቦ እንዳልጻፈው አምናለሁ። ነገር ግን ሲተገበር የሚለየው የገጠሩን ልጅ ነው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። የገጠሮቹ ልጆች ጠዋት ሲመጡ ባዶ የስንቅ ከረጢታቸውን አጣጥፈው ከደብተራቸው ጋር ይዘውት ይመጣሉ። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደወል ዐይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። ሳይመሽ ገደሉን ለመውረድ፣ ወንዙን ለመሻገር፣ ጅብ ሳይወጣ ከቤት ለመድረስ መነሣት አለባቸው፤ የሦስትና የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ከተነሡ የስድስተኛውና የሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ቀሪ ይሆናሉ። ካልተነሡ ቀጣዩን ሳምንት በምን ይበላሉ? እሑድ ማታ በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ቂጣና ጥቂት ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። የመመለሻው መንገድ ሽቅብ ስለሆነ ከመካከላቸው ሰኞ ጠዋት የሚደርሱም አሉ። በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው በውርጭ ነጥቶ እግራቸው ቀልቶ ሲገቡ በሩ ላይ የሚጠብቃቸው የማርፈጃ መዝገብ ነው። በትምህርት ቤታችን ደንብ ሁለት ግማሽ ቀን አንድ ቀን ነው፤ የዓርብ ከሰዓትና የሰኞ ጠዋት ተደምሮ በሳምንት አንድ ቀን ቀሪ። 15 ቀን ለመሙላት አንድ ወሰነ ትምህርት ይበቃል። ከታገዱት 41 ልጆች 9ኙ በውጤት አልወደቁም፤ የታገዱት በቀሪ ብቻ ነው። ዘጠኙም የገጠር ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነው። አባቱ ታመው ሲተኙ የቤት ኪራይ የሚልክለት አጣ። በጥቅምት ወር ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሽንኩርት ማሳ ላይ በቀን ሥራ ሠርቶ የመንፈቁን ኪራይ ይዞ ተመለሰ። 17 ቀን ቀርቷል። የመጣ ዕለት ያመለጠውን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ፣ መልመጃውን ሁሉ ሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ፈቃድ ለምን አልጠየቅክም ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለታመመ ነው ስለተባለ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደንባችን የሚለው እንዲሁ ነው። ይህን ልጅ ብቁ አይደለህም ብዬ የምነግረው እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ንገሩኝ።

ሴቶቹ ሌላ ሸክም አለባቸው። ከተከራዮቹ ሦስቱ የሚኖሩበትን ቤት ባለፈው ወር አይቻለሁ፤ አንዷ ታማ ልጠይቃት ሄጄ ነው። ከከብት በረት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ነው። ሦስቱም የሚተኙት በአንድ መደብ ላይ ነው፤ የሚለብሱት አንደኛዋ ከቤቷ ያመጣችውን ባና ነው። መብራት የለውም። አንዲት ስልክ አለቻቸው፤ በባትሪዋ ብርሃን ተራ በተራ ያነባሉ፤ ስልኳን የሚሞሉት ሱቅ ከፍለው ነው። በሩ ከውስጥ የሚዘጋው በገመድ ስለሆነ ከመሸ አንዷ ለብቻዋ ወደ ውጭ አትወጣም፤ ሦስቱም ተያይዘው ይወጣሉ። መደቡ በተጠጋው የጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ከጣሪያው ሥር እስከ ወለሉ ድረስ በጠመኔ የተጻፈ ነገር አየሁ። የሳይንና የኮሳይን ቀመሮች፣ የሎጋሪዝም ሕጎች፣ የእኔ የሰሌዳ ጽሑፍ ከነአጻጻፌ። ጠመኔውን ከየት አመጣችሁ ብላቸው ተሽኮረመሙ። ከሰሌዳው ሥር የሚወድቀውን ስባሪ ሰብስበው ነው። እነዚህን ልጆች «የማሳለፍ ምጣኔ የሚጎትቱ» ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ቤት ውኃ የለውም። ሴት ተማሪዎች በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቀሩበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ይህንንም ሮስተሩ በቀሪ ይመዘግበዋል።

ከወለጋ የመጡትን አራቱን በተመለከተ አንዷን ብቻ ላንሣ። ዕድሜዋ 20 ነው። ትምህርቷን ሁለት ዓመት አቋርጣለች። እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ አቀላጥፋ መጻፍ የለመደችው እዚህ ከመጣች ወዲህ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ከተቃጠለው ቤት ጋር ቀርቷል። ምትክ ለማግኘት ስትመላለስ ያጠፋችው ቀን በሙሉ ቀሪ ተብሎ ተይዞባታል። ለዚያ ምትክ የላካትም፣ ተመለሺ ያላትም ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ነው።

ስለ ሁሉም አንድ ነገር ልጨምር። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ያለ፣ ሳይደግም የመጣ ልጅ በ2012 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ 7ኛ ክፍልን የጀመረው ዘግይቶ ነው። 8ኛ ክፍል እያለ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደረሰ፤ መንዝም ከዚያ አልተረፈም። 9ኛን ጨርሶ ወደ 10ኛ ሊያልፍ ሲል፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ፣ የጸጥታው ችግር መጣ፤ መንገድ ሲዘጋ መምህርም አይደርስም፣ መጽሐፍም አይገባም፣ ልጅም ከቤቱ አይወጣም። ተማሪዎቼ ሳይቋረጥ የተማሩትን ዓመት ቆጥረው ቢሰጡኝ ከሁለት አይበልጥም። ይህ ሁሉ አልፎ ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማየቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው፤ ጉዳዩን ታውቁታላችሁና። የ12ኛ «ለ» ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። የፊዚክስ መምህራችን በጥቅምት መጀመሪያ ተዛውረው ሄዱ። ምትክ እንዲላክልን ሦስት ጊዜ ጽፈናል፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። የኬሚስትሪው መምህር በትርፍ ሰዓታቸው እየገቡ ሁለት ምዕራፍ ሸፍነዋል። የሞዴሉ አማካይ ሲሰላ ግን ፊዚክስ እንደ ሌላው ትምህርት ተደምሮ ገብቷል። ፊዚክስን አውጥቼ በቀሩት ትምህርቶች ሳሰላው፣ በውጤት ከታገዱት 32 ልጆች 7ቱ ከ50 በላይ ናቸው። መምህር ባልተመደበበት ትምህርት ተማሪን መቅጣት በየትኛው መመሪያ እንደተፈቀደ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መጽሐፉም እንዲሁ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀው የሒሳብ መጽሐፍ በክፍሌ ውስጥ ለአራት ልጅ አንድ ነው። በስልክ ጭነው እንዲያነቡት ተብሏል፤ ስልክ ያላቸው የከተማው ልጆች ጭነውታል። ለሌሎቹ መልመጃውን በሙሉ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 15ቱን የሚወስደው መጻፍና መገልበጥ ነው፤ ጥያቄ ሳይጠየቅ ደወሉ ይደወላል።

አራተኛውን የምጽፈው ራሴንም ከሳሽና ተከሳሽ አድርጌ ነው። እኛ መምህራን ንጹሐን አይደለንም። በካርድ 80 አማካይ የያዘ ልጅ በብሔራዊ ፈተና ከ100 ውስጥ 30 ሳይሞላ ሲቀር ልዩነቱን የፈጠርነው እኛ ነን። ተከታታይ ምዘና በሚል ስም ለቡድን ሥራ፣ ለደብተር አያያዝ፣ ለተሳትፎ ነጥብ እናከፋፍላለን፤ ፈተናው ላይ የወደቀው በእነዚህ ተነሥቶ ያልፋል። ይህን የምናደርገው ግን ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። በየመስከረሙ ከጽሕፈት ቤቱ በሚወርደው ዕቅድ ላይ በየትምህርቱ ማለፍ ያለበት ተማሪ ብዛት በመቶኛ ተጽፎ ይመጣል። በሥራ አፈጻጸም ምዘና የምንጠየቀውም በእሱ ነው። ብዙ ልጅ የጣለ መምህር ለምን ጣልክ ተብሎ ማብራሪያ ይጽፋል፤ ሁሉንም ያሳለፈ መምህር ግን የጠየቀው የለም። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል አሳልፉ ብላችሁ አስገደዳችሁን፤ 12ኛ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አስቀሩ ትሉናላችሁ። ሁለቱም ትእዛዝ የወጣው ከአንድ ቢሮ ነው፤ ሁለቱም ለሪፖርት ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሳለ ክፍልፋይ መደመር እንዳቃተው በሐቅ ነግረነው ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ነበረው። አሁን አምስት ወር ነው የቀረው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ያልሠራውን ነጥብ ለማንም አልጽፍም፤ ለዚህም ተጠያቂ ካደረጋችሁኝ እቀበላለሁ።

ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር እያነጻጸራችሁ የምትጽፉትን በተመለከተ ብዙ አልልም። የ8ኛ ክፍል ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች በፈተና መርጦ የሚወስድ አዳሪ ትምህርት ቤትና፣ በሩን ለደረሰ ሁሉ ከፍቶ የሚቀበል የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በመቶኛ ብቻ አይደረደሩም። ከእኛም ዘንድ በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ጎበዝ ልጆች ተመርጠው ይሄዳሉ፤ ደስ ይለናል፣ እንሸኛቸዋለን። የሄዱት በሌላው ውጤት ላይ ሲደመሩ የቀሩት የእኛ ድክመት ተደርገው እንዳይነበቡ ብቻ እንፈልጋለን።

«በሚቀጥለው ዓመት ይምጣ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚህ አገር አንድ ዓመት ቤቱ የተቀመጠ የገጠር ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ያየሁት ከጣቶቼ ቁጥር አይበልጥም። ሴቷ ወይ ትዳራለች፣ ወይ ደላላ መጥቶ ወደ ዓረብ አገር ያሻግራታል። ወንዱ አዲስ አበባ ወርዶ ሕንጻ ላይ ድንጋይ ያመላልሳል። አባቱ ለአራት ዓመት ኪራይ በግ ሲሸጥ የኖረው የፈተናውን ቀን ብሎ ነው፤ አምስተኛ ዓመት ሽጥ ማለት አይቻልም።

ደግሞም ከ50 በታች ማምጣት ማለት ሁሉ ነገር አበቃ ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ የቀሩ፣ ግን የተቀመጠውን መቁረጫ ያሟሉ ተማሪዎች በረሜዲያል መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዳግመኛ የሚሞክሩበት ዕድል ተከፍቷል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ሲቀበሉ የ12ኛ ክፍል ውጤትን ያያሉ። ለፈተናው ያልተመዘገበ ልጅ ግን ውጤት የሚባል ነገር የለውም። ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በታች ያሉ በሮችም ይዘጉበታል። ይህን ስትወስኑ አስባችሁበት ከሆነ ምክንያቱን አስረዱን፤ ካላሰባችሁበት ጊዜው ገና አላለፈም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት የታኅሣሡ ደብዳቤ ይነሣ። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት 41ዱም፣ በሌሎቹ ክፍሎች የታገዱትም ልጆች ይመዝገቡ። ሌላው ጥያቄያችን ሁሉ ቢዘገይ ይህ አንዱ መዘግየት አይችልም።

የፊዚክስ መምህር በዚህ ወር ውስጥ ይመደብልን። ቋሚ መምህር ከጠፋ በአቅራቢያችን ካለ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ይዋሰን፤ መጓጓዣውን ወላጆች ለመሸፈን ተስማምተዋል።

የዓርብና የሰኞ የትምህርት ሰሌዳ እንዲስተካከል ፈቃድ ይሰጠን። ዓርብ ከሰዓት ያሉትን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ማታ ላይ ብናካክሳቸው፣ ሰኞም አንድ ሰዓት አርፍደን ብንጀምር፣ የገጠሮቹ ልጆች ቀሪ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከመዝገቡ ላይ ቆጥሬ ማሳየት እችላለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፊርማ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው የተማሪዎች ማደሪያ ጥያቄ መልስ ያግኝ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የገጠር ቀበሌዎች ወላጆች ድንጋዩን፣ የባሕር ዛፍ እንጨቱንና ጉልበቱን እናዋጣለን ብለው በቃለ ጉባኤ ፈርመዋል። የቀረው ቦታውና ቆርቆሮው ነው። ማደሪያው ቢያንስ ለሴቶቹ እንኳ ቢጀመር፣ በገመድ የሚታሰረው በር ይቀርላቸው ነበር።

በመጨረሻም በየዓመቱ በምንሞላው ቅጽ ላይ ሦስት ዐምዶች ይጨመሩ፤ የመጣበት ቀበሌ ርቀት፣ የሚያድርበት ሁኔታ፣ እና ትምህርት ያቋረጠበት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ውጤታችንን በእነዚሁ ከፋፍላችሁ አውጡት፤ የከተማው ልጅ ስንት አመጣ፣ ተከራዩ ስንት፣ ተመላላሹ ስንት፣ ተፈናቃዩ ስንት። ያኔ ድክመታችን የት ላይ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም መደበቂያ አይኖረንም። የራሴን ክፍል ቆጠራ ከስም ዝርዝሩ ጋር በእጅ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

የእርሳሱን ምልክት አላጠፋሁም፤ መልሳችሁን እየጠበቅኩ ነው። ተማሪዎቹ እስካሁን ውሳኔውን በይፋ አልሰሙም። በየጠዋቱ ስም ስጠራ ሁሉም አቤት ይላሉ።

ከሰላምታ ጋር

የ12ኛ «ለ» ክፍል ስም ጠሪና የሒሳብ መምህር
በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሰብሳቢ
ለገጠር ቀበሌዎች የተማሪ ወላጆች ተወካዮች